ድምፃዊው የሌለበት የልምምድ ክፍል፦ ጆይ ዲቪዥን እንዴት ኒው ኦርደር ሆነ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ባንድ ፈርሶ የቀሩት አባላት ሌላ ባንድ ሲያቆሙ ሥራቸው ከምን እንደሚጀምር ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአይቤክስ ሙዚቀኞች ሮሃን ማቆማቸውን የሚያስታውስ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ዛሬ የምንሄደው ግን ወደ ሰሜን እንግሊዝ፣ ወደ ማንቸስተር ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

ኒው ኦርደርን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ባንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በገንዘብ ወይም በጠብ ነው፤ የወጣው ይወጣል፣ የቀረው ምትክ ይቀጥራል። እዚህ ግን የተባረረ የለም፣ ጥሎ የሄደም የለም። የዘፈኑ ድምፅና የግጥሙ ባለቤት ሞተ። የቀሩት ሦስቱ እሱን የሚመስል ሰው አልፈለጉም። ያደረጉት ነገር የሥራ ድልድሉን መለወጥ ነበር፤ ማን ይዝፈን፣ ጊታሩ መቼ ይግባ፣ የታችኛውን ድምፅ ማን ይያዝ የሚለው ሁሉ እንደ አዲስ ተደለደለ። ንግግራችን ያተኮረው በዚህ ድልድል ላይ ነው።

መነሻውን በአጭሩ እንለፈው። በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ሳልፎርድ ውስጥ አብረው የተማሩ ልጆች ናቸው። ጁን 4 ቀን 1976 ሴክስ ፒስትልስ የተባለው የፐንክ ባንድ ማንቸስተር ላይ ሲጫወት አዩና፣ ሁክ ከእናቱ 35 ፓውንድ ተበድሮ ቤዝ ጊታር ገዛ። ከማክልስፊልድ ኢያን ከርቲስ በድምፅ፣ ስቲቨን ሞሪስ በድራም ተጨመሩ። መጀመሪያ ዋርሶ ተባሉ፤ ከ1978 መጀመሪያ ጀምሮ ጆይ ዲቪዥን። ፋክተሪ በተባለው የማንቸስተር አሳታሚ በኩል ሁለት አልበም ሠሩ፤ የመጀመሪያው በ1979 ወጣ፣ ሁለተኛው በጁላይ 1980 ሲወጣ ከርቲስ በሕይወት አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ሁክ አጨዋወት አንድ ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን። የሁክ ማጉያ ርካሽ ነበር፤ የሰምነር ጊታር ደግሞ ይጮኻል። ዝቅተኛ ኖታ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ብዙ ኃይልና ትልቅ ስፒከር ይጠይቃል። ማጉያው አቅም ከሌለው ኖታው ጉምጉምታ ብቻ ሆኖ በጊታሩ ይዋጣል። ስለዚህ ሁክ ቀጫጭኖቹን ክሮች ይዞ ወደ ላይኞቹ ኖታዎች ወጣ። እዚያ ራሱን ሰማ። ከርቲስም ድምፁን ወዶት በዚያው እንዲቀጥል ገፋፋው። በዚህ ዓይነት ቤዙ ዜማ የሚመራ መሣሪያ ሆነ፤ በኋላ ባለስድስት ክር ቤዝና ድምፁን የሚያወፍረው ኮረስ ፔዳል ታከለበት። ዛሬ ሰው ሁለት ኖታ ሰምቶ «ይሄ ሁክ ነው» የሚልበት ድምፅ የተወለደው ከደካማ ማጉያ ነው። ነገር ግን ቤዙ ወደ ላይ ሲወጣ ወለሉ ባዶ ቀረ። ይህ ባዶ ወለል ላይ በ1982 ማሽን ይነጠፍበታል።

ከርቲስ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሜይ 18 ቀን 1980፣ ባንዱ ወደ አሜሪካ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ራሱን አጠፋ። ዕድሜው 23 ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ የስም ነበር። አባላቱ ከመካከላቸው አንድ ሰው ቢጎድል ስሙን ላይጠቀሙበት ቀድመው ተስማምተዋል፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ይህ በገበያ ዓይን ቀላል ውሳኔ አይደለም። በዚያው ሰሞን ነጠላ ዜማቸው በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 13ኛ ደርሶ ነበር፤ ስሙ ገና መሸጥ መጀመሩ ነው። ጁላይ 29 ማንቸስተር ውስጥ ቢች ክለብ በሚባል ቤት ሦስት ሆነው፣ ያለ ስም መድረክ ላይ ወጡ። ኒው ኦርደር የሚለውን ያመጣው ማናጀራቸው ሮብ ግሬተን ነው፤ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ስለ ካምፑቺያ (ካምቦዲያ) ከወጣ ጽሑፍ ወሰደው። የቀድሞው ስም በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ሴቶች ላይ የተፈጸመ ግፍን የሚያስታውስ ስለነበር ብዙ አስወቅሷቸዋል፤ አዲሱም «አዲስ ሥርዓት» ማለት ነውና ጋዜጠኞቹ ከሂትለር ቋንቋ ጋር አገናኙት። ወቀሳው የተጋነነ ይመስለናል። ሆኖም በመጀመሪያው ስም የተቃጠለ ሰው ሁለተኛውን ሲመርጥ ትንሽ ቢያስብበት ምን ነበረበት?

ስም ተገኘ፣ ዘፈን ግን የለም። ከከርቲስ ጋር ከተሠሩት መካከል በስቱዲዮ በቅጡ ሳይቀረጹ የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ «ሴሬሞኒ» እና «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ»። የ«ሴሬሞኒ»ን ቃላት ለማግኘት የልምምድና የመድረክ ቴፕ መስማት ነበረባቸው፤ ቴፑ ላይ ግን የከርቲስ ድምፅ በመሣሪያዎቹ ተውጧል። በግራፊክ ኢኳላይዘር አሳልፈው ቃል በቃል ለቀሙት። ይህን ሥራ መሞከር ለሚፈልግ መንገዱ እንዲህ ነው። የሰው ንግግር የሚለየው በአብዛኛው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ስልክም የሚያስተላልፈው ይህንኑ ነው። ከ300 በታች ያለውን ቤዝና የድራም ምት ትቀንሳላችሁ፤ ከላይ ያለውን የሲምባል ሽሽታ ትቀንሳላችሁ፤ ከ1,000 እስከ 3,000 ያለውን ከፍ አድርጋችሁ ያንኑ መስመር ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ችግሩ ጊታርና ስኔር ድራምም እዚያው ክልል ውስጥ መኖራቸው ነው። ኢኳላይዘር ሁሉንም አብሮ ያነሣቸዋል፤ አንዳንዱ ቃል እስከ መጨረሻው ግምት ይሆናል።

በሴፕቴምበር 1980 አሜሪካ ሄዱ። ኒው ዮርክ ላይ ዕቃቸው እንዳለ ተሰረቀ። በዚያው ጉዞ ኒው ጀርዚ ውስጥ ከቀድሞው ፕሮዲውሰራቸው ከማርቲን ሃኔት ጋር «ሴሬሞኒ»ን በሦስት ሰው ቀረጹ።

አሁን ወደ ድምፁ። ሦስቱም ሞከሩት። በስተመጨረሻ ሰምነር ላይ ወደቀ፤ የተሻለ ዘፋኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ቦታው ስለሚያመች ጭምር ነው። ድራመር እየመታ ቢዘፍን ትንፋሹ ያልቅበታል። ሁክ ቢዘፍን ዜማውን የሚመራው ቤዝ ሐሳቡ ይከፈላል። ሰምነር ግን ጊታሩን ለጊዜው ቢተወው ባንዱ አይፈርስም። የሰምነር ችግር እየዘፈነ ጊታር መጫወት አለመቻሉ ነበር። መፍትሔው ዘፈኑ ውስጥ ገባ፦ ስንኙ ሲዘፈን ጊታሩ ዝም ይላል፣ ስንኙ ሲያበቃ ጊታሩ እንደ ጎርፍ ይለቀቃል። የኒው ኦርደርን ዘፈኖች በዚህ ጆሮ ስሟቸው፤ ድምፅና ጊታር እንደ ሁለት ፈረቃ ሠራተኛ ይቀባበላሉ። አድማጭ የአቀናባሪ ብልሃት ይመስለዋል፤ መነሻው የአንድ ሰው ሁለት እጅና አንድ አፍ አብረው አለመታዘዛቸው ነው።

ዝም ያለውን ጊታር የሚሸፍን አራተኛ ሰው አስፈለገ። በኦክቶበር 1980 የሞሪስ ጓደኛ፣ በኋላም ሚስቱ የሆነችው ጂሊያን ጊልበርት ገባች፤ ኪቦርድና ጊታር። ስመ ጥር ሙዚቀኛ አላመጡም፤ የቅርብ ሰው አመጡ። ብርቱ አጨዋወት ያለው እንግዳ ቢገባ ኖሮ የራሱን ወንበር ያሰፋ ነበር፤ ጊልበርት ግን የጎደለውን እያየች ሞላች። «ሴሬሞኒ»ም ከእርሷ ጋር እንደገና ተቀርጾ በ1981 ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ።

የመጀመሪያ አልበማቸው በኖቬምበር 1981 ወጣ። ከሃኔት ጋር የሠሩት የመጨረሻው አልበም ነው። ሃኔት ሐዘኑ አልወጣለትም ነበር፣ መጠጡና አደንዛዥ ዕፁም በዝቶበታል፤ ድምፃቸውንም አልወደደውም። አልበሙ ጆይ ዲቪዥን ድምፃዊ አጥቶ ሲንከራተት ይመስላል፤ እኛ እምብዛም አናነሣውም። ዋጋ ያለው ነገር ሃኔት ሲሠራ እያዩ የስቱዲዮውን ሰሌዳ መማራቸው ነው። በ1982 «ቴምፕቴሽን» የተባለውን ነጠላ ዜማ ራሳቸው ፕሮዲውስ አደረጉት።

ወደ ዋናው እንግባ፤ «ብሉ መንዴይ»። ሥራው በ1982 መገባደጃ ለንደን፣ ብሪታኒያ ሮው ስቱዲዮ ነው። ዕቃዎቹን እንቁጠር። ኦበርሃይም ዲኤምኤክስ ድራም ማሽን። ለቤዙ ሙግ ሶርስ ሲንተሳይዘር፤ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ የሚያወጣ። እሱን የሚነዳ ፓወርትራን ሲኩዌንሰር፣ ማለትም የተመዘገቡለትን ኖታዎች በተራ የሚያስጫውት ማሽን፤ ይህን ሰምነር ተበትኖ ከሚሸጥ ዕቃ ራሱ በብየዳ የገጣጠመው ነው። ኢሙሌተር የሚባል ናሙና መቅጃም ነበር፤ የሚይዘው ድምፅ ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ፣ ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በፍሎፒ ዲስክ። ዘፈኑ ውስጥ እንደ መዘምራን የሚሰማው ድምፅ በዚህ ማሽን ክራፍትወርክ ከተባለው የጀርመን ኤሌክትሮኒክ ባንድ ሸክላ የተቀዳ ነው።

ዛሬ እነዚህን ማሽኖች ለማገናኘት አንድ ገመድ ይበቃል። ያን ጊዜ ሚዲ የሚባለው የጋራ ቋንቋ ገና ገበያ አልወጣም፤ ለሕዝብ የታየው በጃንዋሪ 1983 ነው። ሲኩዌንሰር ለሲንተሳይዘር የሚነግረው በቮልቴጅ ነበር። የተለመደው ስሌት አንድ ቮልት ለአንድ ኦክታቭ ነው፤ ኦክታቩ 12 ግማሽ ድምፅ ስላለው ለእያንዳንዱ 83 ሚሊቮልት ገደማ ይደርሰዋል። ቮልቴጁ በሙቀት ትንሽ ከተንሸራተተ ዜማው ከቅኝት ይወጣል። ድራም ማሽኑ ደግሞ የራሱ የጊዜ ምልክት አለው፤ ሲኩዌንሰሩ አይረዳውም። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በመካከላቸው የሚያስማማ ሰርኪዩት ሠራላቸው። ያ ሰርኪዩት ባይኖር ዘፈኑም አይኖርም ነበር።

ቀጥሎ ኖታውን ማስገባት። ቀረጻ የለም፤ እያንዳንዱ ኖታና እያንዳንዱ ዝምታ በተራ በእጅ ይመዘገባል። ይህ የጊልበርት ድርሻ ነበር። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፋ፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዛ፣ እንደ ሹራብ ሠሪ ንድፍ ስቱዲዮው ውስጥ ዘረጋቻቸው። ስታስገባ አንድ ኖታ ዘለለች። ስሌቱን እንየው፤ ዘፈኑ በደቂቃ 130 ምት ገደማ ይሄዳል። 60 ሰከንድ ለ130 ሲካፈል አንዱ ምት 0.46 ሰከንድ ነው፤ ምቱ ለአራት ሲከፈል አንዱ እርምጃ 0.115 ሰከንድ ይሆናል። ከሰንሰለቱ አንድ እንዲህ ያለ እርምጃ ከጎደለ ከኋላው ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ቀድሞ ይመጣል። የሲንተሳይዘሩ ዜማ ከድራሙ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ በአንድ ጥግ የተንጠለጠለ ይመስላል። ስህተቱን ትተውት ወጡ። በትክክል ገጥሞ ቢሆን ኖሮ ዜማው ድራሙ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ይመስለናል፤ አሁን ጆሮ የሚጎተተው በዚያ ዝንፈት ነው።

ሌላም አደጋ ደረሰ። የመጀመሪያው የድራም ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ሞሪስ የማሽኑን ገመድ በእግሩ መትቶ ከግድግዳው ነቀለው፤ የተሠራው ሁሉ ጠፋ። እንደ አዲስ ሠሩት። ሁክ የጠፋው የተሻለ ነበር ይላል። የጠፋ ነገር ሁልጊዜ የተሻለ ነው።

አሁን ያዙልን ያልነውን ቤዝ እናምጣ። ሙግ ሶርሱ ታች ይዞ ሲንደረደር ሁክ ከላይ በክር ዜማውን ይጫወታል፤ እርስ በርስ አይነካኩም። ባዶው ወለል ተነጠፈ። ሌላ ባንድ ውስጥ ማሽን ቤዝ ሲመጣ ቤዚስቱ ሥራ ያጣል፤ እዚህ ግን ቤዚስቱ ከማጉያው ድክመት የተነሣ ቀድሞ ቦታውን ለቆ ስለነበር ሁለቱም ተስማምተው ኖሩ። ቢያንስ ያን ጊዜ።

ዘፈኑ ማርች 7 ቀን 1983 በ12 ኢንች ሸክላ ወጣ፤ ርዝመቱ 7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ። በ7 ኢንች አይገባም ነበር፤ ዝቅተኛ ድምፅ በሸክላ ላይ ሰፊ መስመር ይበላል፣ ሰዓቱ ሲረዝም መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲጠጋጉ ደግሞ ድምፁን ቀንሶ መቅረጽ ግድ ይሆናል። በ12 ኢንች ግን ከበሮው እንደ ልቡ ይመታል፤ የጭፈራ ቤት ሰዎች የወደዱትም ለዚህ ነው። በሰንጠረዥ 9ኛ ደረሰ፤ በ1988 እንደገና ተቀናብሮ 3ኛ። በ12 ኢንች ሸክላ ሽያጭ ታሪክ ቀዳሚ ነው።

ሽፋኑን የነደፈው ፒተር ሳቪል ነው። የኢሙሌተሩን ፍሎፒ ዲስክ አይቶ ሽፋኑን በዚያው መልክ ሠራው፤ ተቆርጠው የወጡ ቀዳዳዎች፣ ከውስጥ ብርማ ወረቀት፣ በፊደል ምትክ የቀለም ኮድ። የባንዱ ስም እንኳ በግልጽ አልተጻፈበትም። መቁረጫው ውድ ነበር፤ ፋክተሪ እያንዳንዱን ቅጂ በኪሳራ ሸጠ እየተባለ ይወራል፣ የፋክተሪው ቶኒ ዊልሰንም ወሬውን ይወደው ነበር። የኪሳራው መጠን በተራኪው ይለያያል። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ሽፋኑ ከትርፍ ድርሻው በላይ ከፈጀ፣ ብዙ በተሸጠ ቁጥር ብዙ ይከሰራል። በኋላ የታተሙት ቀዳዳ የላቸውም።

ወደ ገንዘቡ ገባን። ፋክተሪ ከሙዚቀኞቹ ጋር የነበረው ስምምነት ወጪ ተቀንሶ ትርፉ እኩል ለእኩል ነው። በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ሲተያይ እጅግ ለጋስ ነው። ጉድለቱ «ወጪ» የምትለው ቃል ውስጥ ነበረች፤ ምን ወጪ ይባላል፣ ማንስ ይፈቅዳል? ሜይ 21 ቀን 1982 ፋክተሪና ኒው ኦርደር በጋራ ገንዘብ ሃሲየንዳ የተባለ የጭፈራ ክለብ ከፈቱ፤ ቀድሞ የጀልባ መሸጫ የነበረ ትልቅ አዳራሽ፣ በቤን ኬሊ ንድፍ። ሃኔት ገንዘቡ ለስቱዲዮ ዕቃ ይዋል ባይ ነበር፤ ፋክተሪን ከሰሰ።

ክለቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለስፋቱ የሚበቃ ሰው አላገኘም። ከ1980ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ አሲድ ሃውስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ መጣና ክለቡ ጢም ብሎ ሞላ፤ ያን ጊዜም ትርፍ የለም። የጭፈራ ቤት ገቢ ከባሩ ነው፤ የመጣው ወጣት ግን ኤክስታሲ የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ሌሊቱን ውኃ ይጠጣል። ከዚያ የወንበዴ ቡድኖች በሩን ያዙት፣ የጥበቃ ወጪው ናረ። በ1997 ተዘጋ። የባንዱ የሸክላ ገቢ ለዓመታት ይህን ጉድጓድ ሲሞላ ኖሯል፤ አባላቱ የጉድጓዱን ጥልቀት የተረዱት ዘግይተው ነው።

ሙዚቃው በዚያው ዘመን ይበልጥ አማረ። በ1988 ኢቢዛ ሄደው የጀመሩት «ቴክኒክ» በጃንዋሪ 1989 ወጥቶ በእንግሊዝ የመጀመሪያ አንደኛ አልበማቸው ሆነ። በ1990 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የዓለም ዋንጫ ዘፈን ሠሩ፤ የቡድኑ ተጫዋች ጆን ባርንስ ራፕ ያደረገበት። አንደኛ የወጣ ብቸኛ ነጠላ ዜማቸው ይኸው የኳስ ዘፈን ነው፤ የከርቲስ ባንድ ፍጻሜው ስታዲየም ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ፋክተሪ በኖቬምበር 1992 ከሰረ። ለንደን ሬከርድስ ሊገዛው ሲደራደር አንድ አሮጌ ወረቀት ወጣ፤ የሥራዎቹ ባለቤት ሙዚቀኞቹ እንጂ ኩባንያው አለመሆኑን የሚገልጽ። ዊልሰን በደሙ ፈረመው ይባላል። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ነገር አልነበረም፤ በቀጥታ ወደ ባንዱ ሄዶ ተዋዋለ። የ1993ቱ አልበማቸው «ሪፐብሊክ» በዚያው በለንደን ሬከርድስ ወጣ፤ አንደኛም ሆነ። ያ ወረቀት ባይኖር የዘፈኖቹ ዕጣ ለባለ ዕዳዎቹ ነበር። በዚያው በጋ ከሬዲንግ ፌስቲቫል በኋላ ተበታተኑ፤ ማንም መፍረሳቸውን አላወጀም።

በመካከሉ እያንዳንዱ የየራሱን ሞክሯል፤ ሰምነር ከጆኒ ማር ጋር ኤሌክትሮኒክ፣ ሁክ ሪቬንጅና ሞናኮ፣ ሞሪስና ጊልበርት ዘ አዘር ቱ። በ1998 ግሬተን እንደገና ሰበሰባቸው፤ እሱ ራሱ በ1999 ሞተ። በጨቅላነቷ የታመመች ልጅ የነበረቻት ጊልበርት በ2001 ወጣች፤ ፊል ከኒንግሃም ተተካ። በ2007 ሁክ ወጥቶ ባንዱ አበቃ አለ፤ ሰምነርና ሞሪስ አላበቃም አሉ።

እዚህ ላይ የ1980 ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ስሙ የማን ነው? ያኔ መልሱ ቃል ነበር፤ አራቱም ከመለያየታቸው በፊት ተናግረውታል። ለኒው ኦርደር ግን እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። ሰምነር በ2009 ባድ ሌፍተናንት የሚባል ባንድ ይዞ ብቅ አለ፤ ከኒንግሃም ነበረበት፣ በመድረክ ሞሪስና ቤዚስቱ ቶም ቻፕማን አብረውት ነበሩ። በኦክቶበር 2011 ጊልበርት ስትመለስ እነዚሁ ሰዎች ብራሰልስና ፓሪስ ላይ ኒው ኦርደር ተብለው ተጫወቱ፤ የገቢው ዓላማ የቪዲዮ ፕሮዲውሰራቸውን የማይክል ሻምበርግን ሕክምና መርዳት ነበር። ሁክም ከ2010 ጀምሮ ዘ ላይት በተባለ ባንዱ የጆይ ዲቪዥንን አልበሞች፣ በኋላም የኒው ኦርደርን፣ በቅደም ተከተል እየተጫወተ ነበር። በ2015 ከሰሳቸው፤ የስሙን አጠቃቀም ለአዲስ ኩባንያ ሰጥተው የእኔን ድርሻ 1.25 በመቶ አደረጉት የሚል ክስ ነው። እነሱ ተከራከሩት። በሴፕቴምበር 2017 ተስማምተው ጨረሱ። በዚያው 2015 «ሚውዚክ ኮምፕሊት» ወጥቶ በእንግሊዝ ሁለተኛ ደርሶ ነበር፤ ያለ ሁክ የተሠራ የመጀመሪያው አዲስ አልበማቸው።

በመድረክ ላይ ለቻፕማን የቀረው ሥራ አስቸጋሪ ነው። ድምፃዊ ሲጠፋ ሌላ ሰው በራሱ ድምፅ ቢዘፍን ሰው ይቀበላል። የሁክ መስመር ግን የዘፈኑ ዜማ ራሱ ነው፤ ቢለውጠው ዘፈኑ ይፈርሳል፣ ባይለውጠው የሌላ ሰው ጣት ሆኖ ይቀራል።

አሁን ሁለቱን የ«ሴሬሞኒ» ቅጂዎች ተራ በተራ እናስደምጣችኋለን። መጀመሪያ የኒው ጀርዚው፣ ሦስት ሰው ብቻ ያሉበት። ቀጥሎ ከጊልበርት ጋር የተቀረጸው። ሰምነር መዝፈን ሲጀምር ጊታሩ ምን እንደሚሆን በሁለቱም ላይ አወዳድሩ፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እንቀበላለን።